የእትዬ ወለቴ ሐሙሶች

የብርቱካን ልጣጭና የጋለ የባቡር ብረት ሽታ። እትዬ ወለቴ ስለ ሮም ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከዚህ ነው። ሐውልቱን፣ ፏፏቴውን፣ ትልልቁን አደባባይ አያነሡም። "ቴርሚኒ ጣቢያ ገብተህ አየሩን ስትስበው ብርቱካንና ብረት ነው፣ ይርጉዬ" ይሉኛል። "ሴቱ ሁሉ ከሚሠራበት ቤት ብርቱካን በቦርሳው ይዞ ይወጣል። ባቡሩ እስኪመጣ ቆሞ ይልጣል። ዛሬም ድረስ ብርቱካን ስልጥ ሐሙስ የሆነ ይመስለኛል።"

ሙሉ ስማቸው ወለተጊዮርጊስ ነው። ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ኧርቪንግ ውስጥ አንድ አፓርታማ ግቢ ነው የምንኖረው፤ እሳቸው ከላይ፣ እኔ ከታች። እኔ ከኤርፖርት ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልሰውን ሻትል እነዳለሁ። እሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ደረጃውን ሲወርዱ በኮቴያቸው ቀኑን አውቀዋለሁ። በሌላው ቀን ብረቱን ይዘው፣ ጉልበታቸውን እያስታመሙ ነው የሚወርዱት። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ግን ከኋላ የሚጠራቸው ያለ ይመስል ቶሎ ቶሎ ይወርዳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳቸው ሮም በኖሩበት ዘመን፣ ሰው ቤት እያደረች የምትሠራ ሴት በሳምንት ውስጥ የራሷ የሆነ ጊዜ ሁለት ብቻ ነበር፤ እሑድና ሐሙስ ከምሳ በኋላ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሳማል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ለአገር ቤት ደብዳቤ ይጻፋል፣ የታመመ ይጠየቃል። ሐሙስ ግን የማንም አልነበረም። የጾም ቀን አለመሆኑም ሌላ እድል ነው፤ ዳቦና አይብ በቦርሳ ተይዞ ይወጣል።

እትዬ ወለቴ ፕራቲ በሚባል ሰፈር ባሏ የሞተባትን አንዲት አሮጊት ይንከባከቡ ነበር። "ክፉ ሴት አልነበረችም" ይላሉ። "ደወል ነበራት እንጂ። ትንሽ የነሐስ ደወል። ትራሷ ሲንሸራተት ትደውላለች። ዝንብ ሲገባ ትደውላለች። አንድ ቀን ደወለችና እጄን ከሊጥ ሳላላቅቅ ሮጬ ብሄድ፣ 'ምንም አልፈልግም፤ መኖርሽን ለማወቅ ነው' አለችኝ።"

ሐሙስ ሳህኑ ታጥቦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ የሕንፃው ትልቅ የእንጨት በር ከኋላቸው ድም ብሎ ይዘጋል። ከበሩ ወዲህ ደወሉ አይሰማም።

ቴርሚኒ ላይ የምትጠብቃቸው ከበቡሽ ናት። ከበቡሽ የደሴ ልጅ ነበረች፤ ፓሪዮሊ በሚባል የሀብታም ሰፈር የአንድ ጠበቃ ልጆች ታሳድግ ነበር። ሁለቱ ካርታ የላቸውም፣ የሚያስጎበኛቸው የላቸውም። የባቡሩ ስምና ሰዓት ከሚገላበጥበት ትልቅ ሰሌዳ ሥር ይቆሙና ቀና ብለው ያያሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በፊት የሚመልስ ባቡር ካለው የትም ይሁን ይሄዳሉ። ከዚያ ውስጥ ስሙ ለጆሮ ደስ ያለውን ይመርጣሉ።

እንዲህ እያሉ ፍራስካቲ ሄዱ። "አገሩ በሙሉ የአሳማ ጥብስ በዳቦ እየበላ፣ እኛ አይባችንን ይዘን ጥግ ላይ እንደ ተቀጣ ልጅ ቁጭ!" ይላሉ። ብራቻኖ ሄዱ፤ ዝናብ ይዟቸው ቀኑን ጣቢያው ውስጥ ጨረሱት፤ እሱንም ቢሆን አይጸጸቱበትም። ኦስቲያ ሄዱ። ከበቡሽ ባሕር ዳር ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበርና፣ ጥቁሩን አሸዋ በእግሯ እየጫረች ባሕሩን አይታ አይታ፣ "አሁን ይሄ ሁሉ ውኃ ማንን ሊያጠጣ ነው?" አለች። እትዬ ወለቴ ይህንን የሚናገሩት የከበቡሽን የወሎ ቅላጼ አስመስለው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይስቁ ጨርሰውት አያውቁም።

ከሁሉም የሚያስረዝሙት ግን የካስቴል ጋንዶልፎን ጨዋታ ነው። ባቡሩ ከቴርሚኒ ተነሥቶ በወይን እርሻ መካከል እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ወይን፣ ወይን፣ ደግሞ ወይን። ሰው መስኮቱ ሰልችቶት ፊቱን ሊያዞር ሲል፣ ድንገት ከታች ሐይቅ ይዘረጋል። ክብ ነው፤ ዙሪያውን ገደል ይዞታል። ቢሾፍቱን ላየ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ሁለቱም በመጡ ቁጥር አዲስ እንደሚያዩ ሆነው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ።

ሐይቁ ዳር እግርን እንደ ብስክሌት እየመቱ የሚሄዱባቸው ቀይና ነጭ ጀልባዎች ይከራያሉ። ጓደኛሞቹ ከጣቢያው ቁልቁል ይወርዱና አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ዳቦአቸውን እየበሉ፣ ጀልባዎቹን ያያሉ። ተሳፍሮ መካከሉ ድረስ ሄዶ ለመመለስ ጊዜ ይጠይቃል። ከዚያ ደግሞ ዳገቱን ወጥቶ ባቡር መያዝ አለ። ባቡሩ ካመለጠ አሮጊቷ በሩን ትቀረቅራለች። ስለዚህ "በሚቀጥለው ሐሙስ ቶሎ እንመጣና እንሳፈራለን" ይባባላሉ። የሚቀጥለው ሐሙስ ይደርሳል። ሳህኑ ይበዛል፣ ባቡሩ ይዘገያል፣ ደግሞ "በሚቀጥለው" ይባላል።

አንድ ሰኞ የእትዬ ወለቴ የአሜሪካ ወረቀት ደረሰ። በረራው ረቡዕ ነበር።

"አንድ ቀን ቢያቆዩኝ ምን ነበረበት?" ይላሉ እስከ ዛሬ። "አንዲት ቀን! አሜሪካ የት ይሄድብኛል?"

ዳላስ እንደ ደረሱ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል አልጋ ማንጠፍ ያዙ። ኋላም ለአውሮፕላን ምግብ ከሚያሽግ ወጥ ቤት ገብተው እስከ ጡረታቸው እዚያው ሠሩ። እንደሚሉት ከሆነ ለሮም መንገደኛ ስንት ምሳ አሽገው ልከዋል፤ ራሳቸው ግን ተመልሰው አልሄዱም። በመካከሉ አቶ ወልዴን አገቡ፤ ሮሆቦትን ወለዱ። አቶ ወልዴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ታክሲ ነጂ ነበሩ።

"እሑድ ሐይቅ ዳር ውሰደኝ ስለው" ይላሉ እትዬ ወለቴ፣ "'ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳመላልስ ከርሜ አሁን ደግሞ አንቺን ላመላልስ?' ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ለእሱ መንገድ ሥራ ነበር።"

ሐሙስ የሚባለውም ነገር ከቤታቸው ጠፍቶ ነበር። የእረፍት ቀናቸው አንዴ ማክሰኞ፣ አንዴ ቅዳሜ፣ ሱፐርቫይዘሩ እንዳሻው ነው። ጡረታ በወጡ በመጀመሪያው ሐሙስ ምሳቸውን በሉ፣ ሳህናቸውን አጠቡ፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወረዱ። እኔ መኪናዬ ውስጥ ልገባ ስል አገኙኝ።

"ይርጉዬ፣ ዛሬ ኦፍ ነህ?"

"ኦፍ ነኝ እትዬ። የት ላድርስዎት?"

"የትም።"

"የትም የት ነው?"

"ሳይመሽ የሚመልሰን ይሁን እንጂ የትም ይሁን።"

ከዚያን ቀን ወዲህ እረፍቴ ሐሙስ ላይ ሲውል አብሬአቸው እወጣለሁ። ካልዋለ ብቻቸውን በባቡር ፎርት ዎርዝ ደርሰው ይመለሳሉ። ማኪኒ ወስጃቸው የድሮውን አደባባይ ዞረናል። አደባባዩን ወደዱት፤ መንገዱን አልወደዱትም። "አንድ ሰዓት ሙሉ ትነዳለህ፤ በመስኮት የምታየው ከቤትህ አጠገብ ያለውን ሱቅ ነው። ስሙም አንድ፣ ቀለሙም አንድ። ከቤቴ ወጣሁ አልወጣሁ ብዬ ልማል?" አሉኝ። ሌላ ቀን ሌዊስቪል ሐይቅ ዳር ቆመን ውኃውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ግድብ ነው አይደል?"

"ግድብ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ሐይቁ ሁሉ ማለት ይቻላል ግድብ ነው።"

"ያስታውቃል" አሉ። "ገና አልተደላደለም።"

ባለፈው ክረምት ከበቡሽ ደወለች። ከበቡሽ ሮም ቀርታ ነበር። የጠበቃውን ልጆች አሳድጋ፣ የልጆቹን ልጆች ደግማ፣ ጡረታ ወጥታ እዚያው ትኖር ነበር። እትዬ ወለቴ ጆሯቸው ስለ ደከመ ስልካቸውን ድምፁን ከፍ አድርገው ነው የሚያናግሩት፤ እኔም አምፖል ልቀይርላቸው ወንበር ላይ ወጥቼ ሁሉንም ሰማሁ።

"ወለቴ፣ ልገባ ነው።"

"የት?"

"አገሬ ነዋ! ደሴ። ወንድሜ ቤቱን አድሶ ጨረሰ። የሚመጣውን መስቀል እዚያ ነኝ። ሮምን ለሮማውያን ትቼላቸዋለሁ።"

እትዬ ወለቴ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "ሐይቁሳ?" አሉ።

"የቱ ሐይቅ?"

"አንቺ! ጀልባውሳ?"

ከዚያ ወገን ረጅም ሳቅ መጣ። "ምነው አንቺ ሴት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ጀልባ ላይ ነሽ እንዴ? በየትኛው ጉልበቴ ልምታው?"

"እኔ እመታለሁ። አንቺ ተቀመጪ።"

"አንቺ ብቻሽን ከመታሽውማ እዚያው ክብ ስንዞር እንውላለን! ሰዎቹ በገመድ ይጎትቱናል።"

ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም ወንበሩ ላይ ሳቅሁ። ሳቁ ሲያልቅ ከበቡሽ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ነይ በቃ" አለች። "ሳልሄድ ነይ። ሐሙስ ጠብቀን እንሄዳለን።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ላጽናናቸው ብዬ፣ "እትዬ፣ አገር ቤት ሄደውም እኮ ያገኟታል። ለዚያውም ከደሴ ትንሽ ራቅ ብሎ ሐይቅ አለ" አልኳቸው።

"መኖሩንማ አለ" አሉ። "ግን እዚያ እንግዳ ነን። ወንድሟ መኪና ያዘጋጃል፣ ዘመድ ያጅበናል፣ በግ ይታረዳል። 'እትዬ ይህንን ቅመሱ' እየተባልኩ እውላለሁ። እኔ የምፈልገው ማንም የማያውቀን ቦታ፣ ማንም የማይጠራን ሰዓት፣ ሁለታችን ብቻ ቁጭ ብለን ዳቦ መብላት ነው። ያንን ከበቡሽ ብቻ ናት የምታውቀው። ከሮም ከወጣች ሐሙስ አለቀ።"

ያን ጊዜ ነገሩ ለእኔም ገባኝ።

መሄጃው አልጠፋም ነበር። ሮሆቦት ኤርፖርት ውስጥ ለአንድ አየር መንገድ ትሠራለች። የሠራተኛ እናት በነፃ መብረር ትችላለች፤ ስታንድባይ ይሉታል። ነገር ግን ቲኬት የገዛው ሁሉ ገብቶ ወንበር ከተረፈ ብቻ ነው። ካልተረፈ ሻንጣን እየጎተቱ ወደ ቤት መመለስ ነው። ሮሆቦት ነገሩን ደጋግማ አስረዳቻቸው። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ይሮጣል እንጂ አይራመድም።

"ማሚ፣ ሲት ካለ ትገቢያለሽ። ከሌለ ወደ ቤት፣ ኦኬ? ሶ ለሰው አትንገሪ። ማለቴ፣ ሹር አይደለም።"

"ሳልነግር? እንዴት አድርጌ? ዝም ብዬ ብጠፋ ሰው ምን ይላል?"

ለሰው ነገሩ። የፍልሰታ ጾም እንደ ተፈታ ለመጀመሪያው ሙከራ ተነሡ። የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች ማኅበር የሚመሩት ወይዘሮ ዓለምጌጥ ሰው አስተባብረው ሽኝት አደረጉ። ቤቱ ሞላ። ሮም ዘመድ ያለው ሁሉ ዕቃ ይዞ መጣ፤ ቫይታሚን፣ የጉልበት ቅባት፣ የልጅ ጫማ፣ የፀጉር ዘይት። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ሞልቶ በግድ ተዘጋ።

"ማሚ! ስታንድባይ እኮ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው የሚይዘው!" አለች ሮሆቦት።

"ሰው አምኖ የሰጠኝን እምቢ ልበል?"

አጨበጨብን፣ ተመረቀ፣ ተለቀሰ። ወስጄ አደረስኳቸው። አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሄደ፤ ለእሳቸው የተረፈ ወንበር አልነበረም። ማታውን ሁለቱን ሻንጣዎች ደረጃውን እየጎተትኩ መለስኳቸውና በሩ አጠገብ አቆምኳቸው። በማግስቱ ስልኩ አላረፈም፤ "ገቡ ወይ? ሮም እንዴት ናት?" የሚለው ብዙ ነበር። እትዬ ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምረው ሲያስረዱ ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት በሳምንት ላይ ወንበር ጠፋ። ፈረንጁ ሁሉ ለእረፍት ወደ ሮም ይጎርፋል። ከበቡሽ በየማታው ትደውላለች። "አሮጊቷ፣ ዛሬም ቀረሽ? ድሮም ባቡር የሚያመልጠን በአንቺ ምክንያት ነበር!" ትላለች። እትዬ ወለቴም "በእኔ? ጫማሽን ስታስሪ አልነበር እንዴ የሚያመልጠን?" ብለው ይመልሳሉ። እንዲህ እየተሰዳደቡ ቀኑ አለቀ። ከበቡሽ ሮምን የምትለቅበት ቅዳሜ ሲቃረብ፣ የቀረው ሐሙስ አንድ ብቻ ሆነ።

እንቁጣጣሽ ባለፈ በቅዳሜው ሮሆቦት ጠዋት ደወለች። "ማሚ፣ ዛሬ ብዙ ባዶ ሲት አለ! ቶሎ ኑ!"

ቶሎ መሄድ ማለት ግን ሳይሸኙ መሄድ ነው። እትዬ ወለቴ ለወይዘሮ ዓለምጌጥ ብቻ "ሄድኩ" ብለው ሊነግሩ ደወሉ፤ ይህ ብቻ በቃ። እኔ ሻንጣ ሳወርድ መኪናው ሁሉ ወደ ግቢው ይገባ ጀመር።

"ደግሞ ሳንሸኝሽ ልትሄጂ?" አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ ደረጃውን እያለከለኩ። "እኛ ምንሽ ነን?"

"ዓለሜ፣ ባለፈው ሸኝታችሁኝ የለም እንዴ!"

"ያማ ተመለስሽ! ያ ሽኝት ፈረሰ።"

ሁላችንም ተመልሰን ላይ ወጣን። ዳቦ ተቆረሰ። አቶ ጥዑመልሳን፣ የማኅበረሰቡ ሽማግሌ፣ "አጭር ቃል ብቻ" ብለው ተነሡ። አብርሃም ከካራን ስለ መውጣቱ ጀመሩ። እኔ በር ላይ ሆኜ ቁልፌን አቅጨለጨልኩ። አብርሃም ግብፅ ሲደርስ ደግሜ አቅጨለጨልኩ።

"ጋሼ፣ ኤርፖርት ..." አልኩ።

"ይርጉ ልጄ፣ አውሮፕላን ይጠብቃል፤ ምርቃት አይዘለልም።"

ከቃሉ በኋላ አቡነ ዘበሰማያት ተባለ። ከአቡነ ዘበሰማያት በኋላ እያንዳንዱ ሰው አቅፎ ሳመ። ያላለቀሰ አልነበረም። አንዷ የረሳችውን የቅባት ቆርቆሮ ልታመጣ ሮጣ ሄደች፤ እሷን ጠበቅን። አውራ ጎዳናው ላይ ስንወጣ መኪና ተጠጋግቶ ቆሟል። ኤርፖርት ስንደርስ ሮሆቦት በሩ ላይ ቆማ ፊቷ ቀልቷል።

"ተዘጋ!" አለች። "ባዶ ሲት ይዞ ሄደ፣ ማሚ! ባዶ ሲት ይዞ! ከዛሬ በኋላ ሳምንቱ ፉል ነው።"

እናትና ልጅ ተቃቅፈው ቆሙ። ማን ማንን እንደሚያባብል አይታወቅም ነበር። ስንመለስ እትዬ ወለቴ ከፊት ወንበር ተቀምጠው መስኮቱን ብቻ ያዩ ነበር። ግቢያችን ልንደርስ ስንል፣

"ሰው ወዶኝ አስቀረኝ፣ ይርጉዬ" አሉ። "አሁን ማንን ልቆጣ?"

ደርሰን ሁለቱን ሻንጣዎች እንደገና ጎትቼ በሩ አጠገብ መለስኳቸው።

በማግስቱ፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ሰው እንደገና ቤታቸውን ሞላ። ይህኛው ሽኝት አይደለም፤ ማጽናናት ነው። የሁሉም ፊት ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ፊት ይመስል ነበር። እትዬ ወለቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ኩሽናው ውስጥ ለእንግዳው የተጣደ የዶሮ ወጥ ይንተከተካል።

"እግዜር ያስቀረሽ በምክንያት ነው" አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ። "በዚህ ዕድሜሽ ጀልባ! ብትሰምጪስ?"

"ዋና የሚችል ማን አለ ከመካከላችን?" አለ አንዱ ከጥግ።

"እኔ ሮምን ባላያትም አሳምሬ አውቃታለሁ" አሉ አቶ ጥዑመልሳን። "ድንጋይ ናት። እሱም የፈረሰ ድንጋይ።"

ሰው ሳቀ። እትዬ ወለቴም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ከከንፈራቸው አላለፈም። ይህንን ያዩት ወይዘሮ ዓለምጌጥ ልባቸው ተነካ መሰለኝ፣ እጃቸውን አጨበጨቡ።

"ስሙኝማ! ሐይቅ ነው አይደል የናፈቃት? እኛ እንወስዳታለን! ትልቅ ቫን እንከራያለን። በሚመጣው ሐሙስ፣ ሁላችንም!"

"ሁላችንም!" አለ ቤቱ በሙሉ።

"ምግብ በኔ" አለች አንዷ።

"ድምፅ ማጉያ ከቤተ ክርስቲያን እንዋሳለን" አለ ሌላው።

"ቲሸርት እናሠራለን" አሉ አቶ ጥዑመልሳን። "ፊት ለፊቱ ላይ የወለቴ ፎቶ ይሁን።"

እትዬ ወለቴ ሁሉንም በየተራ እያዩ ይሰሙ ነበር። የሚያዩት በፍቅር ነበር፤ ይህንን እመሰክራለሁ። እኒህ ሰዎች አቶ ወልዴ ሲሞቱ ሌሊቱን አብረዋቸው ያደሩ፣ ሮሆቦት ስትታመም ሾርባ ያመላለሱ ናቸው። የማይጠሩበትን ሰዓት ግን ሊሰጧቸው አይችሉም ነበር።

ያን ጊዜ ጉልበታቸው ላይ ያለው ስልክ ነዘረ። መነጽራቸውን ስላልያዙ አንሥተው ለእኔ ሰጡኝ። ሮሆቦት በላቲን ፊደል የጻፈችው አማርኛ እንዲህ ይላል፦ "ማሚ አንድ ግሩፕ ካንስል አደረገ። ሲት አለ። ታች መኪና ውስጥ ነኝ። ትንሹን ቦርሳ ብቻ። ፕሊስ ለማንም አትንገሪ።"

ፊደሉን አጉልቼ መለስኩላቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡ። እንደገና አነበቡ። ከዚያ ስልኩን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ቀና ብለው፣ ከወይዘሮ ዓለምጌጥ ጀምረው እስከ ጥጉ ድረስ የሰውን ፊት አንድ በአንድ ተመለከቱ። ከንፈራቸው ሊከፈት ሲል አየሁ። ተመልሰው ወይዘሮ ዓለምጌጥ ላይ ሲደርሱ በተለይ ሊናገሩ ነበር። አንድ ቃል ቢወጣቸው ምን እንደሚከተል ያውቃሉ፤ እቅፉ፣ እንባው፣ አጭሩ ቃል።

አፋቸውን መልሰው ገጠሙ።

"ቲሸርቱ ነጭ ይሁን" አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ።

"ነጭ ወጥ ይታይበታል" አሉ አቶ ጥዑመልሳን። "ቢጫ ነው የሚሻለው።"

"ቢጫማ የታክሲ ነው!"

ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ ክርክሩ ጦፈ። እትዬ ወለቴ ባዶውን የብርጭቆ ትሪ አንሥተው ወደ ኩሽና ሊሄዱ ተነሡ። በአጠገቤ ሲያልፉ ጎንበስ አሉ።

"ይርጉዬ፣ ወጡን ከእሳት አውርድልኝ" አሉ በሹክሹክታ። "እንዳያርርባቸው።"

ትሪውን ኩሽና ውስጥ አኑረው፣ ከበሩ ጀርባ ትንሿን ቦርሳ አነሡ። በሰው ዕቃ የታጨቁት ሁለቱ ሻንጣዎች መውጫው አጠገብ እንደ ቆሙ ናቸው፤ አንዱን በእጃቸው ዳበስ አደረጉትና ገለል ብለው አለፉት። ከዚያም የቢጫና የነጭ ክርክር እንደ ቀጠለ በሩን ቀስ አድርገው ከፈቱ፤ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።